ካርቡራተሩን ከመፍታታችሁ በፊት

ባሕር ዳር ላይ አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ አለችኝ። ከኋላዋ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ተገጥሞላታል። ሁለት ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ)፣ ሁለት ሲሊንደር፣ አንድ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል)፣ በገመድ ተስቦ የሚነሣ። ከዱባይ አገልግሎ የመጣ ነው። ስገዛው ዕድሜውን የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ ሳይ ግን ረዳቴን በዕድሜ እንደሚበልጠው ገባኝ።

ይህን ሞተር ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ብር ከስክሼበታለሁ። በመጨረሻ ችግሩ አንድ ብር የማያወጣ ነገር ሆኖ ተገኘ። ጣና ላይም ይሁን ዝዋይ፣ ሐዋሳም ይሁን አርባ ምንጭ፣ በትንሽ ሞተር እንጀራውን የሚጋግር ሰው ቢያንስ የእኔን ስሕተት እንዳይደግም ብዬ ነው የምጽፈው።

የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው። ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ሕዝብ ይተማል። ለእኛ ለጀልበኞችም ከዓመቱ ጥሩ የሥራ ቀኖች አንዱ ነው። ጠዋት ላይ 11 ሰው ጫንኩ። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ነጠላ ያጣፉ፣ ጧፍና ዕጣን የያዙ፣ አንዷ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው የታቀፉ። ቀዩን ባለ 24 ሊትር የፕላስቲክ ሰልባትዮ፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ ጢም አድርጌ ሞልቼዋለሁ። ሰው እስኪሞላ ድረስ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቆየ።

ገና ሲነሣ አስቸገረ። ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ገመዱን ሳብኩ። ትከሻዬ ሊገነጠል ሲል በሰማያዊ ጭስ አፍኖን ተነሣ። እሺ፣ አርጅቷል አልኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄድን ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ጉልበቱ ወረደ። ለአፍታ ጨመረ፣ ደግሞ ወረደ፣ አንዴ አሳለና ጭጭ አለ። ረዳቴ ልጅ ዘሎ የሰልባትዮውን ክዳን ከፈተ። አጎንብሶ አየ። «አለ ጋሼ፣ ሙሉ ነው» ብሎ መልሶ ዘጋው። እናቶቹ «እመቤቴ» አሉ። በእጅ የሚጨመቀውን የጎማ ፖምፓ ጨምቄ ገመዱን ስስብ ተነሣ። እልል ተባለ።

ትንሽ ሄድንና እንደገና ጠፋ። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ። እናቶቹ ጸለዩ። ተነሣ።

ሦስተኛ ጊዜ የጠፋው ክብራን ገብርኤል አጠገብ ነው። ነፋሱ ቀስ እያለ ወደ ደሴቱ ይገፋናል። የክብራን ገዳም ደግሞ ሴት አይገባበትም። ከ11ዱ ሰው ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። አንዲት እናት «ልጄ፣ እዚህ እንኳ አንወርድም፤ እንደምንም አድርገው» አሉኝ። አጠገቡ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችን ትቀበላለች፣ ግን ነፋስ መርጦ አይገፋም። ልጁ ክዳኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ሞተሩ ተነሣ።

ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይርቅ መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀን። መድኃኒቱ በየጊዜው ልጁ እጅ ላይ ነበር። ማናችንም አላየነውም።

ስመለስ በቀጥታ ካርቡራተሩን ፈታሁ። ሁላችንም የምናደርገው ይሄንኑ ነው። ሞተር ቤንዚን የራበው ሲመስል እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ካርቡራተር ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ መፍታት ሥራ የሠራን ስለሚያስመስል ይመስለኛል። አጠብኩት፣ ነፋሁት፣ ገጠምኩት። በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልቼ ሞተሩን ሰካሁና አስነሣሁት። አሥር ደቂቃ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር ማለቴ ነው፣ እንደ ሰዓት ሠራ። ሐይቅ ላይ ወጣሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ።

ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ለወጥኩ። ጠፋ። ከአዲስ አበባ የሞተሩን የራሱን የነዳጅ ፖምፓ ላስቲክ አስመጣሁ። ሲመጣ እየተጠባበቅሁ አንድ ሳምንት ሥራ ፈታሁ። ገጠምኩት፣ በርሜል ላይ ማለፊያ ሆነ፣ ሐይቅ ላይ ጠፋ። ካርቡራተሩን ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ ፈታሁ። ሦስተኛው ላይ አንዷን ቀጭን ብሎን አስመለጥኩና ግማሽ ቀን አሸዋ ሳበጥር ዋልኩ።

ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ድሮ የጀልባ ሞተር ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። አሸዋ ሳበጥር ሲያዩኝ ከት ብለው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ በርሜሉ ላይ ስንት ደቂቃ ነው የምታስነሣው?»

«አሥር ደቂቃ፣ ጋሼ። በሚኒሞ።»

«ከምን እያጠጣኸው?»

«ከዚህች ከትንሿ ጄሪካን።»

«እንግዲያ ሞተሩን ፈተንከው እንጂ ጀልባውን አልፈተንከውም።»

ጀልባዋን በወፍራም ገመድ ዳር ካለው ግንድ ጋር አሰርናት። ቀዩን ሰልባትዮ ሞልተን ገጠምነው። ሞተሩን አስነሥተን ማርሽ አስገባንና ግማሽ ነዳጅ ሰጠሁት። ጀልባዋ ገመዱን ወጥራ ቆመች። ጋሼ ወደ ሞተሩ ዘወር ብለው እንኳ አላዩም። ሰልባትዮው ላይ እጃቸውን ጭነው ተቀመጡ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው። ትንሽ ቆይተው «ና ንካው» አሉኝ። የሰልባትዮው ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ሞተሩ ማሳል ሲጀምር ክዳኑን በሁለት ጣት ዞር አደረጉት። ፍስስስ አለ። የሰረጎደው ጎን «ድም» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሞተሩም ነፍስ ዘራ።

«አየር ማስገቢያውን አልከፈትክም» አሉኝ። እኔ ግን ከፍቼዋለሁ። ክዳኑ አናት ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ሁልጊዜ አላላታለሁ፤ ይህን ማንም ጀልበኛ ያውቃል። ክዳኑን ገለበጡት። ከሥሩ ጥቁር ፌስታል ለሁለት ታጥፎ ጥርሱ ላይ ተጠምጥሟል። መሐል ላይ የብሎኗን ቀዳዳ ድፍን አድርጎ ይዞታል።

ወደ ልጁ ዞርኩ። መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ ባለፈው እትዬ ልብሴን ቤንዚን ነካብኝ ብለው ሲቆጡ… እንዳይረጭ ብዬ ነው።» ምን ትለዋለህ? ለጀልባዋ አስቦ ነው። እኔም ብሆን ጄሪካን በፌስታል ወትፌ ነው ያደግሁት።

እስቲ ነገሩን ላብራራው፣ ምክንያቱም ከፌስታሉ ያለፈ ትምህርት አለው። ሞተሩ አንድ ሊትር ቤንዚን በጠጣ ቁጥር በቦታው አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ የመምጠጥ ኃይል ይፈጠራል። የሞተሩ ፖምፓ ደግሞ ትንሽ ላስቲክ ናት፤ ያንን ኃይል አሸንፋ መሳብ አትችልም። ቤንዚኑ ባለበት ይቆማል። ሰልባትዮው ጢም ብሎ ሲሞላ በውስጡ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታፈናል። ግማሽ ሲሆን ዘግይቶ ነው። እኔም ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ ሙሉ በሆነ ቀን ፈጥኖ ይጠፋል፣ ጎደል ባለ ቀን ዑራ ድረስ ይወስደኛል ማለት ይቻላል። ይህን ልዩነት ልብ ብዬ ቢሆን ሦስት ሳምንት አላቃጥልም ነበር።

ጠዋት ሲነሣ የሚያስቸግረኝስ? ያም ከዚያው ፌስታል ነው። የተዘጋ ሰልባትዮ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ቤንዚኑ ይተናል፣ ሰልባትዮው ይነፋል። ግፊቱ ቤንዚኑን በቱቦው ገፍቶ ካርቡራተሩን ያጥለቀልቀዋል። ካንዴላው ይረጥባል። ስለዚህ አንድ ፌስታል ጠዋት ሞተሩን እያጠገበ፣ ሐይቅ መሐል ደግሞ እያስራበ ያሾፍብኝ ነበር። እኔ ሁለት በሽታ መስሎኝ ሁለት መድኃኒት እፈልጋለሁ።

በርሜል ላይ ያልታየውም ለዚህ ነው። በሚኒሞ የሚጠጣው ቤንዚን እዚህ ግባ አይባልም፤ ደግሞም ከክዳን አልባ ጄሪካን ነበር የማጠጣው። ሞተር ስትፈትኑ በራሱ ሰልባትዮ፣ በራሱ ቱቦ፣ ጭነት ላይ ሆኖ ፈትኑት። በገመድ አስሮ ማርሽ ማስገባት ቀላሉ ዘዴ ነው። ገመዱ ጠንካራ ይሁን። ከፕሮፔለሩ ዙሪያም ልጆች አርቁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተር ሲያስቸግረኝ መንገዴን ከሰልባትዮው ነው የምጀምረው። ቤንዚኑ የሚሄድበትን መንገድ እየተከተልኩ ወደ ሞተሩ እጠጋለሁ። ካርቡራተሩ መጨረሻ ነው። ደስ የሚለው፣ በዚህ አካሄድ ርካሹ ነገር መጀመሪያ ይመጣል።

ቱቦው መሐል ላይ ያለችው የጎማ ፖምፓ ብዙ ትናገራለች፤ እሷን ዳስሱ። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ወይም እንደጠፋ ወዲያው ያዟት። ተጨማዳና ተጣብቃ ካገኛችኋት እንቅፋቱ ከኋላዋ ነው፦ አየር ማስገቢያው፣ ወይም ሰልባትዮው ውስጥ ያለችው መምጠጫ ወንፊት በቆሻሻ ተደፍና ነው። የቱንም ያህል ብትጨምቋት ካልጠነከረች ወይ ከኋላዋ አየር እየገባ ነው፣ ወይ በውስጧ ያለው ቫልቭ ሞቷል፣ ወይ ደግሞ ቤንዚኑ ካርቡራተሩን ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የመጨረሻውን ለማወቅ ካርቡራተሩን ከሥር እዩት፤ ይንጠባጠባል። ጠንክራ ካለች ሞተሩ ግን ከጠፋ ችግሩ ከፊቷ ነው፦ ፊልትሮ፣ የሞተሩ ፖምፓ፣ ካርቡራተር። እየሄዳችሁ እሷን ደጋግማችሁ ስትጨምቁ ሞተሩ የሚበረታ ከሆነ፣ የሞተሩ ፖምፓ ላስቲክ ደክማለች ወይም መስመሩ አየር ይስባል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አትደንግጡ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ፖምፓዋ ለስለስ ማለቷ ጤና ነው። ቆማ ስትጨመቅ ነው መጠንከር ያለባት።

ሰውነቷ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማየት አለበት። ይህን የምለው ገልብጦ የገጠመ ሰው ስላየሁ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ ባልልም፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ።

የፌስታሉ ጉዳይ ከተፈታ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ እንደገና መጥፋት ጀመረ። አሁን ግን የጎማ ፖምፓዋ ልፍስፍስ ብላለች። ጨመቅኳት፣ ጨመቅኳት፣ አትጠነክርም። ቱቦውን ከጫፍ ጫፍ ዳበስኩ፤ ጠብታ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ ቀዳዳ የለም ብሎ ያልፋል። ይህ መስመር ግን ሞተሩ ሲሠራ ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ቀዳዳው ቤንዚን አያወጣም፤ አየር ያስገባል። ሞተሩ ቤንዚንና አረፋ እየጠጣ ይሄዳል።

ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ግልጽ ቱቦ ነው። ቀጭኑን፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቆርጣችሁ በጎማ ፖምፓዋና በሞተሩ መሐል ትቀጥሉታላችሁ። ሞተሩ ሲነሣ ቤንዚኑ ሲያልፍ ይታያል። ጥርት ብሎ ከሄደ ደህና ነው። የእኔ እንደ ሚሪንዳ አረፋ እየደረደረ ነበር። ይህ ቱቦ ለምርመራ ብቻ ነው፤ ቤንዚን ያደርቀውና ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ ሲያበቃ አውጡት።

ከዚያ ቁራጯን ወደ ኋላ እያዛወርኩ አረፋው የሚጀምርበትን ቦታ ፈለግሁ። ቱቦው ሰልባትዮው ላይ የሚሰካበት ማገናኛ ሆኖ ተገኘ። በውስጡ ያለችው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ጠፍጥፋና ደርቃ እንደ ብስኩት ትሰባበራለች። አዲስ ኦሪንግ ቀየርኩ። ልኩ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ፣ ቤንዚን የሚችል ዓይነትም ይሁን። የውሃ ቧንቧ ጎማ ቆርጣችሁ ብትጨምሩ ለጊዜው ይሠራል፤ ከዚያ ቤንዚኑ ያሳብጠውና ማገናኛውን ጨርሶ ይዘጋዋል። ሞክሬዋለሁ። የቱቦው ጫፎች ላይ ያሉትን ማሰሪያዎችም ለወጥኩ፤ ሁለቱ በሽቦ የተጠፈሩ ነበሩ። ሽቦ ጎማ ይቆርጣል።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ደግሞ ላውራ። ማደያ ላይ ወረፋው ሲረዝም ሁላችንም መንገድ ዳር በሃይላንድ ወደሚሸጠው እንዞራለን። አንድ ጊዜ ከዚያ ገዝቼ ሞተሩ ተነሣ፣ ግን ጉልበት አጣ፤ ሲሞቅ ይንጫጫል፣ አንዴ ከጠፋ አይነሣም። ጭሱ የድሮ ምድጃ ጭስ ይሸታል። ላምባ ተቀላቅሎበታል። አሁን ከመግዛቴ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደርጋለሁ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይሄዳል። ላምባ ያለበት ግን ቅባት መሰል ምልክት ትቶ ይቆያል። ይህን የምታደርጉት ዘይት ከመቀላቀላችሁ በፊት ነው፤ ዘይት ከገባበት ወረቀቱ ሁልጊዜ ምልክት ይይዛል፣ በከንቱ ሰው ትወነጅላላችሁ።

ውሃ ደግሞ ሌላ ነው። ለማየት ባዶ ሃይላንድ በቂ ነው። ከሰልባትዮው ወለል ላይ ያለውን ቤንዚን ቅዱና ጥላ ውስጥ አቁሙት። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል፤ በቤንዚኑና በውሃው መሐል ጥርት ያለ መስመር ይታያል። የእኔ አንድ ክረምት ሁለት ጣት ውሃ ነበረበት። ከየት መጣ ብዬ ተገረምኩ። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮ ውጭ ሲያድር ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ክዳኑ ላልቶ ዝናብ ሲመታውም ይገባል። ቤንዚን በጨርቅ አጥልሎ መሙላት ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል እንጂ ውሃ አይይዝም። እኔ ጄሪካኑን አሳድሬ፣ ሳላናውጥ ከላይ ከላይ እቀዳለሁ፣ የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ሰልባትዮ ውስጥ አላስገባም። በአፍ መምጠጡን ግን ተዉት። አንድ ጓደኛችን ውጦ ሆስፒታል አድሯል።

የሁለት ስትሮክ ዘይቱ የእኔ ሞተር ላይ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ነው። ለሙሉ ሰልባትዮ ግማሽ ሊትር ገደማ ማለት ነው። የእናንተን ከሞተሩ መጽሐፍ ወይም ከላዩ ከተለጠፈው እዩ፤ በግምት አይሆንም። ዘይት ማብዛት ለሞተሩ ይጠቅመዋል የሚሉ አሉ። ካንዴላ ያጠቁራል፣ ከዚያ አልፎ ደግሞ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ለሲሊንደሩ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል። ማሳነሱን ግን ፈጽሞ አትሞክሩት፤ እሱ ሞተር ይበላል።

አሁን ካርቡራተር። ተራው የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ከክረምት በኋላ። ከሰኔ ጀምሮ እንግዳ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ቆሞ ይከርማል። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተናል፤ ዘይቱና ዝቃጩ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። መስከረም ላይ ስታስነሡት ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በሚኒሞ አልቆም ብሎ ነዳጅ ስትሰጡት ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የተደፈነችው የሚኒሞዋ ቀጭን ቀዳዳ ናት። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ነዳጅ ስትሰጡት የሚሞት ከሆነ፣ ቤንዚን የምታሳልፈው ዋናዋ የናስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠብባለች። አየሩን የሚቀንሰውን ቾክ ትንሽ ሳብ ስታደርጉት የሚበረታ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን እንዳነሰው ሌላ ማስረጃ ነው።

ስትፈቱት ከሥር ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ከእኔ ተማሩ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ወይም በመርፌ አትጎርጉሩ። ናስ ለስላሳ ነው፤ በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። እኔ የማደርገው ከመረብ ላይ አንድ የናይለን ክር መምዘዝ ነው። ጣና ዳር ይህ አይጠፋም። ክሩን በቀዳዳዋ አሳልፌ ወደ ፀሐይ አነሣታለሁ፤ ክብ ብርሃን ካየሁ በቃ። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ሄጄ በኮምፕሬሰር አስነፋታለሁ። ጎሚስታው ገና ከሩቅ ሲያየኝ «የጀልባው ሰውዬ መጣ» ይላል። ተንሳፋፊዋ ያለችበትን ክፍል ስትነፉ ግን ተጠንቀቁ፤ ኃይለኛ አየር ያጣምማታል። የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋውን መርፌ ጫፍ በጥፍራችሁ ዳስሱት። ዙሪያውን የተበላ ቀለበት ከተሰማችሁ አትዘጋም፣ ለውጧት። በመገጣጠሚያው መሐል ያለውን ጎርኒሲዮን ቀዳችሁ ከሆነም መልሳችሁ አትግጠሙት።

ጣና ላይ ለምንሠራ አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል። እንደ ዱባይ ባለ የባሕር ጠረፍ ላይ እንዲሠራ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን ቤንዚኑን እንደዚያው ያፈሳል። ከዱባይ የመጣ ሞተር እኛ ጋ ካንዴላው ጥላሸት ቢለብስ፣ ጉልበቱም ከተጻፈው ቢያንስ በሽታ አይደለም። ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ዋና ብሎን ሲገኝ መቀየር ይረዳል። እኔ ቀይሬ ጭሱም ቀነሰ፣ ቤንዚኑም በረከት አገኘ። ያን ሞተር መልሳችሁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ከወሰዳችሁት ግን የቀድሞዋን መልሱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሁለት ስትሮክ ሙቀት ይገድለዋል።

ከመነሻውስ ችግሩ የቤንዚን መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ድምፁን ስሙት። ቤንዚን ያጣ ሞተር ቀስ ብሎ ነው የሚሞት፤ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ያስላል። መብራት እንደጠፋ ቤት ድንገት ጭጭ ካለ ወደ ካንዴላና ወደ ኤሌክትሪኩ ሂዱ። ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱና እዩ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከረጠበ ደርሶታል፣ ያልተቃጠለው በሌላ ምክንያት ነው። ካንዴላ ስትፈትኑ ብልጭታው ቤንዚን አጠገብ እንዳይሆን። ሲሊንደሩ ባፈሰሰው ቤንዚን ላይ ብልጭታ ሲፈትን ቅንድቡን ያጣ ሰው አውቃለሁ። እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠምም ሞተሩ ቤንዚን ያጣ መስሎ ያቃስታል። መጀመሪያ ከውሃ አንሥታችሁ እዩት። የማቀዝቀዣው ውሃ በጎኑ መፍሰሱንም አትርሱ፤ ካልፈሰሰ ወዲያው አጥፉት።

አሁን ሁልጊዜ ማታ ጀልባዋን ሳስር የምሠራው አንድ ነገር አለ። ዳር ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ ቱቦውን ከሞተሩ እነቅላለሁ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ጨርሶ ራሱ ይጠፋል። ለክረምት የምትቆም ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ ለአንድ ሌሊት ትርፍ ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን አልተውኩትም። አንዳንዴ ሒሳቡን እስታለሁ። ከዳር 20 ሜትር ላይ ይጠፋብኛል። ያኔ ልጁ እየሳቀ መቅዘፊያውን ያነሣል።

የዕቃ ሣጥኔ ውስጥ ሁለት ካንዴላ፣ ሦስት ኦሪንግ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ የግልጽ ቱቦዋ ቁራጭና የተጠቀለለ የናይለን ክር አለ። ሁሉም እንዳይረጥብ በጥቁር ፌስታል ተቋጥሯል። ያው ፌስታል ነው። ልጁ ሊጥለው ሲል ተቀበልኩት።